ከሸዋ በር እስከ ሐኪም ቤት፦ ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤልና የሕሙማን እንክብካቤ በሐረር (1879–1898 ዓ.ም.)

መግቢያ

ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ በአብዛኛው የሚታወሱት በሦስት ነገር ነው፤ በዓድዋ ዘመቻ በነበራቸው የጦር መሪነት፣ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ በፈጸሙት የውጭ ጉዳይ አገልግሎትና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባት በመሆናቸው። የሐረር አገረ ገዥነታቸው ሲነሣም ጎልቶ የሚወጣው ንግዱ፣ ቀረጡና ከባሕር በር ኃይሎች ጋር የነበረው ድርድር ነው። በዚያው ዘመን በከተማይቱ የተጀመረው ዘመናዊ የሕሙማን እንክብካቤ ግን እንደ ተጓዳኝ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል።

ይህ አጭር ጽሑፍ የራስ መኮንንን ሕይወት ከዚህ አንጻር ይከታተላል። ዘመኑ ልዩ ዘመን ነበር። ሕመምተኛን የሚነካ እጅ በሽታን ሊያስተላልፍ እንደሚችል በአውሮፓና በአሜሪካ የታወቀው፣ የጎማ ጓንትም ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባው እሳቸው በኖሩባቸው ዓመታት ነው። በሌላ በኩል ሐረር በሽታን ጭምር በበር ለመጠበቅ የለመደች የግንብ ከተማ ነበረች። ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ነው፤ በሽታን በርቀትና በግንብ ከመከላከል ወደ በሽተኛው ቀርቦ እየነኩ ወደ መከላከል የተደረገው ሽግግር በሐረር ውስጥ እንዴት ጀመረ? ለዚህስ የራስ መኮንን ድርሻ ምን ነበር?

ልደትና አስተዳደግ

መኮንን በ1844 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ይባላሉ፤ እናታቸው ወይዘሮ ተናኘ ወርቅ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸው። በእናታቸው በኩል የምኒልክ የቅርብ ዘመድ በመሆናቸው ገና በልጅነታቸው ወደ ቤተ መንግሥት ገብተው ከምኒልክ ዘንድ አደጉ። በዚያ ዘመን የመኳንንት ልጅ ትምህርት ዳዊት መድገም፣ ፈረስ መጋለብ፣ ጦር መወርወርና የችሎትን ሥርዓት ማወቅ ነበር፤ መኮንንም በዚሁ መንገድ ተኮትኩተው ወጡ። በኋላ ዘመን የሚያውቋቸው ሁሉ የመሰከሩላቸው እርጋታና አዲስ ነገርን አጥንቶ የመቀበል ዝንባሌ ግን ከብዙዎቹ እኩዮቻቸው ለይቷቸዋል።

በ1879 ዓ.ም. የገና ሰሞን ምኒልክ በጨለንቆ ጦርነት አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን ሲይዙ፣ የአዲሲቱን ግዛት አስተዳደር የሰጡት ለዚህ ወጣት ዘመዳቸው ነበር። መኮንን በደጃዝማችነት ማዕረግ ሹመቱን ተቀበሉ፤ በ1881 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ጣሊያን ድረስ ከተጓዙ በኋላም የራስነት ማዕረግ ተሰጣቸው። ይህ ጉዞ ከአውሮፓ ከተሞች፣ ከጦር ሠራዊቶቻቸውና ከሕዝባዊ ተቋሞቻቸው ጋር በቅርብ ያስተዋወቃቸው የመጀመሪያው አጋጣሚ ነበር።

የግንብ ከተማና የበር ጥበቃ

መኮንን የተረከቡት ከተማ በአሚር ኑር ዘመን፣ በ16ኛው ምዕተ ዓመት፣ በተሠራው የጀጎል ግንብ የተከበበ ነው። ግንቡ ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዙሪያ ሲኖረው፣ ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው። በምዕራብ በኩል ያለውና በሐረሪ ቋንቋ አስመዲን በሪ የሚባለው በር በአማርኛ ሸዋ በር የሚል ስም የያዘው ወደ ሸዋ በሚወስደው መንገድ ምክንያት ነው። በሮቹ ሌሊት ይዘጉ ነበር፤ የሚገባውና የሚወጣው ነጋዴ፣ ሸቀጥና የጋማ ከብት ሁሉ የሚፈተሸው በእነዚሁ በሮች ላይ ነው።

ግንቡ የተሠራው ከጠላት ጦር ለመጠበቅ ቢሆንም፣ የበር ሥርዓት በሽታን በሚመለከትም የራሱን አስተሳሰብ መፍጠሩ አልቀረም። በሽታ ከውጭ የሚመጣ ነገር ነው፤ መከላከያውም ማራቅና መዝጋት ነው የሚል እምነት በግንብ በተከበበ ከተማ ሁሉ ሥር የሚሰድ ነው። በሥጋ ደዌ የተያዙ ሰዎች ከበሮቹ ውጭ ተቀምጠው ምጽዋት መለመናቸው የዚሁ ሥርዓት አንዱ መገለጫ ነበር። ሆኖም ግንቡ ለተህዋሲያን መሰናክል አልነበረም። በክፉ ቀን ዘመን፣ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ከብቱን የፈጀው የከብት እልቂት ረኃብን ሲያስከትል፣ ረኃቡን ተከትለው ፈንጣጣና ኮሌራ በአገሪቱ ተዛመቱ። ከባሕር በር ወደ መሀል አገር የሚወስደው የሲራራ ንግድ መንገድ በሐረር በኩል የሚያልፍ በመሆኑ፣ እህልና ጨርቅ ያመጣ የነበረው መንገድ ወረርሽኝም ያመጣ ነበር።

የአገሬው ሕዝብ በዚህ ረገድ ባዶ እጁን አልነበረም። ፈንጣጣ በገባበት ቤት በሽተኛውን ለብቻው ማኖር፣ አስታማሚም ቀድሞ ፈንጣጣ ይዞት የዳነ ሰው እንዲሆን ማድረግ፣ ከበሽተኛው ቁስል በተወሰደ ነገር ጤነኛውን ማስከተብ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍሎች የታወቁ ልማዶች ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ሁለተኛው ልዩ ትኩረት ይገባዋል። የዳነን ሰው አስታማሚ ማድረግ በሽተኛውን ከመራቅ ይልቅ፣ ቀርቦ የሚንከባከበው ሰው የተጠበቀ እንዲሆን መምረጥ ነው። ይህም በኋላ ዘመን የሕሙማን እንክብካቤ ትምህርት ከሚቆምበት መሠረት ጋር በአሳቡ ይገናኛል፤ የእንክብካቤው ጥያቄ በሽተኛውን እንዴት እናርቀው የሚል ሳይሆን እንዴት ተጠብቀን እንቅረበው የሚል ነውና።

የቤት ሐዘን

ራስ መኮንን ያገቡት ወይዘሮ የሺእመቤት አሊን ነበር። ወይዘሮ የሺእመቤት ከወለዷቸው ልጆች ውስጥ ለአካለ መጠን የደረሱት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ተፈሪ ብቻ ናቸው። ሁለት ዓመት ሳይሞላም፣ መጋቢት 6 ቀን 1886 ዓ.ም.፣ እናቲቱ በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። መኮንን ያን ጊዜ የአገሪቱ ባለጸጋ ግዛት ገዥ ነበሩ፤ ሀብታቸው፣ ሥልጣናቸውም ሆነ የቤታቸው አገልጋይ ብዛት የወለደችን ሴት ከሞት ማዳን አልቻለም።

ይህ ሞት በዘመኑ ለነበሩ እናቶች ሁሉ የተለመደ ዕጣ ነበር፤ በአውሮፓ ታላላቅ ከተሞች ጭምር። ከዚያ 47 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1847፣ ሐኪሙ ኢግናዝ ዜመልቫይስ በቪየና የማዋለጃ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር። አስከሬን መርምረው በቀጥታ ወደ ወላዶች የሚመጡ ሐኪሞችና ተማሪዎች ባሉበት ክፍል፣ አዋላጆች ብቻ ከሚሠሩበት ክፍል ይልቅ እናቶች እጅግ በብዛት በወሊድ ትኩሳት ይሞቱ ነበር። በዚያ ዓመት ኤፕሪል ወር ከመቶ እናቶች 18 ያህሉ ሞተዋል። ዜመልቫይስ ወደ ክፍሉ የሚገባ ሁሉ እጁን በክሎሪን ውሕድ እንዲታጠብ ካዘዘ በኋላ፣ በጁን ወር ሟቾቹ ከመቶ ወደ 2 ዝቅ አሉ። ገዳዩ በሐኪሙ እጅ የሚጓጓዝ ነገር እንደሆነ ቁጥሩ አሳየ፤ ግን ሐኪሞቹ የራሳቸውን እጅ መወንጀል ስላልፈለጉ ግኝቱ ለብዙ ዓመታት ተገፋ። ወይዘሮ የሺእመቤት ባረፉበት ዓመት ትምህርቱ በአውሮፓ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ አዋላጆች እጅ እስኪደርስ ግን ገና ረጅም ጊዜ ይቀረው ነበር።

ዓድዋና ቀይ መስቀል

በ1888 ዓ.ም. ዘመቻ ራስ መኮንን ከሐረር ጦራቸው ጋር ወደ ሰሜን ዘምተው በአምባላጌና በመቀሌ፣ ቀጥሎም የካቲት 23 ቀን በዓድዋ ተዋጉ። ከዘመቻው የተመለሰው ጦር ይዞት የመጣው ድልን ብቻ አልነበረም፤ በጥይትና በሳንጃ የቆሰለ ብዙ ሰውም ነበር። ቁስለኛውን የሚያክመው ወጌሻው፣ መድኃኒት ዐዋቂውና ዘመድ አስታማሚው ነው። ጥይት ማውጣትና ስብራት ማቅናት የታወቀ ጥበብ ነበር፤ በተከፈተ ቁስል ላይ የሚያድረው መግልና ትኩሳት ግን ከጥይቱ የበለጠ ይገድል ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ በጄኔራል ሽቬዶቭ የሚመራ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን ለመርዳት በጅቡቲ በኩል መጣ። ቡድኑ ወደ አዲስ አበባ ለመዝለቅ በመጀመሪያ ያረፈው በሐረር ሲሆን፣ በዚያም ሕሙማንን ተቀብሏል። ይህ ለከተማይቱ አዲስ ነገር ነበር። በሥርዓት የተደራጀ የሐኪሞችና የአስታማሚዎች ቡድን፣ በሣጥን የታሸገ መድኃኒት፣ የተለየ የቁስል ማሰሪያ ጨርቅ፣ በየጊዜው የሚታጠብ መሣሪያ ለሕዝቡ ታየ። በአዲስ አበባ የተተከለው የሩሲያ ሐኪም ቤት እስከ 1898 ዓ.ም. ድረስ ያገለገለ ሲሆን፣ በኋላ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የተመሠረተው በዚሁ ሥራ ፈለግ ነው።

መኮንን ከዚህ ቀደምም ከሐኪሞች ጋር ግንኙነት ነበራቸው። በሐረር የጣሊያን መንግሥት ወኪል የነበረውና በ1889 ዓ.ም. መጀመሪያ የአዲስ አበባውን የሰላም ውል ለአገሩ የፈረመው ቼዛሬ ኔራዚኒ ራሱ የባሕር ኃይል ሐኪም ነበር። በዘመኑ ሐኪምነትና ዲፕሎማሲ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ላይ ይደረቡ ነበር። ገዥው ሐኪሙን በሚያቀርብበት ጊዜ ከጀርባው የቆመውን መንግሥት ማስተዋል ነበረበት። ራስ መኮንን በዚህ ረገድ የወሰዱት መንገድ ሕክምናውን ተቀብሎ ተቋሙን በራስ ግዛት ሥር ማቆም ነበር።

ሐኪም ቤቱ

ራስ መኮንን ከ1891 እስከ 1892 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ትግራይን እንዲያስተዳድሩ ተልከው ከቆዩ በኋላ ወደ ሐረር ተመለሱ። በሐረር ሐኪም ቤት ያቋቋሙትም በዚሁ በምዕተ ዓመቱ መባቻ አካባቢ ነው። ለሥራው የመጡት ዶክተር ጆዜፍ ቪታልየን በካሪቢያን ባሕር የምትገኘው የጓዴሎፕ ደሴት ተወላጅ፣ በፈረንሳይ የሠለጠኑ ጥቁር ሐኪም ነበሩ። ራስ መኮንን ለልጃቸው ለተፈሪ የፈረንሳይኛ ቋንቋ የመጀመሪያ ትምህርት እንዲሰጡ የመረጡትም እኚሁን ሐኪም ነው። ዶክተር ቪታልየን በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተሻግረው የአፄ ምኒልክ ሐኪም ሆነዋል። ሐኪም ቤቱም ለብዙ ዘመን በራስ መኮንን ስም ሲጠራ ኖሯል።

የዚህን ሐኪም ቤት ትርጉም ለመረዳት በጊዜው የሕክምና ዓለም የደረሰበትን ደረጃ ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1867 ጆዜፍ ሊስተር በግላስጎው ቁስልን፣ መሣሪያንና የሐኪሙን እጅ በካርቦሊክ አሲድ የማጽዳትን ዘዴ አሳተመ። ካርቦሊኩና ሌሎቹ ኬሚካሎች ግን ተህዋሲያንን ሲገድሉ የሠራተኛውንም ቆዳ ይልጡ ነበር። በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ የነበረችው ካሮሊን ሃምፕተን በሜርኩሪ ክሎራይድ እጆቿ ስለቆሰሉ ሥራዋን ልትተው ስትል፣ ቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ሃልስቴድ እ.ኤ.አ. በ1889 እና በ1890 መካከል ጉድይር ኩባንያ ስስ የጎማ ጓንት እንዲሠራላት አደረገ። ስለዚህ ጓንቱ በመጀመሪያ የተሠራው በሽተኛውን ለመጠበቅ አልነበረም፤ የሠራተኛዋን እጅ ለማዳን ነበር። ለበሽተኛው ያለው ጥቅም የታወቀው ቆየት ብሎ ነው። የሃልስቴድ ረዳት የነበረው ጆዜፍ ብለድጉድ እ.ኤ.አ. በ1899 ባወጣው ዘገባ፣ የቡአ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች መካከል ቁስላቸው የሚመረቅዘው ከመቶ 17 ያህል የነበረው፣ ጓንት በመደበኛነት ከተለበሰ በኋላ ከመቶ ወደ 2 መውረዱን አሳየ።

ይህ ዘገባ በወጣና የሐረር ሐኪም ቤት በተከፈተ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነጥብ ለኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ ጥናት ጠቃሚ ነው። የሐረር ሐኪም ቤት የተመሠረተው ዘመናዊው የብክለት መከላከል ትምህርት አድጎና ጸንቶ ካለቀ በኋላ አልነበረም፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ታላላቅ ሆስፒታሎች ራሳቸው ጓንትን ገና እየተለማመዱ በነበሩበት ወቅት ነበር። በውጭ አገርና በሐረር መካከል የነበረው ርቀት የዕውቀት ብቻ አልነበረም፤ ይልቁንም የውኃ፣ የማገዶ፣ የጨርቅና የሠለጠነ ሠራተኛ አቅርቦት ጉዳይ ነበር። ጓንትም ሆነ መሣሪያ የሚመክነው በእንፋሎትና በፈላ ውኃ ነው። ሐረር ደግሞ የውኃ እጥረት የማይለያት የኮረብታ ከተማ ናት። ለቀዶ ሕክምና የሚበቃ ንጹሕ ውኃ ማግኘት ማለት በየቀኑ የሚቀዳ፣ የሚጓጓዝና የሚፈላ ውኃ ማግኘት ነው።

የሥጋ ደዌ መጠለያ

በራስ መኮንን ዘመን በሐረር ከተጀመሩት ሥራዎች ሁሉ ከእንክብካቤና ከመነካካት ጥያቄ ጋር በጥብቅ የተያያዘው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ነው። መጠለያው በቅዱስ አንጦንዮስ ስም እ.ኤ.አ. በ1901 የተመሠረተ ሲሆን፣ መሥራቹ የፈረንሳይ ካፑቺን ማኅበር ካህን አባ ማሪ በርናር ነበሩ። የማኅበሩ ጳጳስ አባ እንድርያስ ዣሮሶ ለራስ መኮንን ቤት የቅርብ ሰው እንደነበሩ የታወቀ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ የሆነ ገዥ በሚያስተዳድራት፣ ነዋሪዋ በአብዛኛው ሙስሊም በሆነ ከተማ፣ የካቶሊክ ካህናት ለሁሉም ወገን ሕሙማን መጠለያ ማቋቋማቸው የገዥውን ፈቃድና ጥበቃ የሚጠይቅ ነበር።

ጊዜው ደግሞ ሥጋ ደዌን በሚመለከት ዓለም አቀፍ ክርክር የበረታበት ነው። ኖርዌያዊው ገርሃርድ አርማወር ሃንሰን በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 አግኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 በበርሊን የተደረገው ዓለም አቀፍ የሥጋ ደዌ ጉባኤም ሕሙማንን ለይቶ ማኖርን እንደ ዋና መከላከያ ደገፈ። የሐረሩ መጠለያ በዚህ አስተሳሰብ ሥር የተወለደ በመሆኑ መለየትን ይዞ ነበር የተነሣው። ግን ከበር ውጭ ተጥሎ መለየትና ጣሪያ፣ ምግብና ቁስል አጣቢ ባለበት ቤት መለየት አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ሕመምተኛውን የሚነካው ሰው የለም፤ በሁለተኛው ግን በየቀኑ ቀርቦ ቁስሉን የሚያጥብ፣ ጨርቁን የሚቀይርና የሚያጎርስ አለ።

የኋለኛው ዘመን ምርምር ሥጋ ደዌ ከብዙዎቹ ተላላፊ በሽታዎች ይልቅ የመተላለፍ ኃይሉ ደካማ መሆኑን፣ በመድኃኒት የሚታከም ሕመምተኛም በአጭር ጊዜ ውስጥ በሽታውን ማስተላለፍ እንደሚያቆም አረጋግጧል። በዚህ ዕውቀት ወደ ኋላ ሲታይ፣ ለዘመናት በከተማ በሮች ላይ የተፈጸመው ማግለል በአብዛኛው የበሽታ መከላከል ሳይሆን የፍርሃት ሥራ ነበር። የሐረር ልምድ በ20ኛው ምዕተ ዓመት ቀጥሎ፣ በፈረንሳዊው ሐኪም በዶክተር ፌሮን የረጅም ጊዜ አገልግሎት፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1957 የተመሠረተው የጀርመን የሥጋ ደዌ ረድኤት ድርጅት ከከተማይቱ ብዙም በማይርቀው በቢሲዲሞ ባቋቋመው ማዕከል ዳብሯል።

የለንደን ጉዞ

በ1894 ዓ.ም. ራስ መኮንን የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የዘውድ በዓል ላይ ኢትዮጵያን እንዲወክሉ ወደ ለንደን ተላኩ። በዓሉ የተወሰነው ለሰኔ 19 ቀን ነበር። ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ንጉሡ በትርፍ አንጀት አካባቢ በተፈጠረ እብጠት ታመው፣ ሰኔ 17 ቀን በቤተ መንግሥታቸው ውስጥ በሰር ፍሬዴሪክ ትሬቭስ እጅ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ከመከሩት ሐኪሞች አንዱ ያን ጊዜ ያረጁት ሎርድ ሊስተር ነበሩ። የዘውዱ በዓል ወደ ነሐሴ 3 ቀን ተላለፈ።

ይህ አጋጣሚ ለመላው የዓለም መልእክተኞች አንድ ነገር በግልጽ አሳይቷል። ከ40 ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ሆድ ተከፍቶ መግል የተቀዳለት ሰው መሞቱ የማይቀር ይመስል ነበር፤ አሁን ግን አንድ ንጉሥ በሰባት ሳምንት ውስጥ አገግሞ ዘውድ ጫነ። ለውጡን ያመጣው የቢላዋው ስለት ሳይሆን የእጅ፣ የመሣሪያና የጨርቅ ንጽሕና ነበር። በባለቤታቸው ሞት የተጎዱትና በግዛታቸው ሐኪም ቤት የተከሉት ራስ መኮንን ለዚህ በዓል ከተላኩት እንግዶች አንዱ መሆናቸው፣ የሁለቱን ዓለም ርቀትና ቅርበት በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ያሳያል።

በዚያው የአውሮፓውያን ዓመት መጨረሻ የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ድሬዳዋ ደረሰ። ሐዲዱ ሐረርን በጎን ትቶ ማለፉ የከተማይቱን ንግድ ቢጎዳም፣ ለሐኪም ቤቶች የሚያስፈልገው መድኃኒት፣ የቁስል ጨርቅና መሣሪያ የሚመጣበትን ጊዜ አሳጠረ። የሰው እንቅስቃሴ በዚያው መጠን ስለጨመረ፣ በሽታን በከተማ በር ላይ ማስቆም የሚባለው ነገር ከዚያ ወዲያ የማይታሰብ ሆነ።

ቁልቢ

በ1898 ዓ.ም. ራስ መኮንን ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ከሐረር ተነሡ። መንገዱ ሸዋ በር ስሙን ያገኘበት የምዕራቡ መንገድ ነው። ቡርቃ በተባለው ስፍራ ሲደርሱ ሕመም ጸናባቸው፤ ተመልሰውም ወደ ቁልቢ መጡ። ቁልቢ ከዓድዋ ድል በኋላ በስእለታቸው መሠረት የቅዱስ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩበት ቦታ ነው። በዚያም በመጋቢት ወር፣ በ54 ዓመታቸው ገደማ ዐረፉ። አስከሬናቸው ወደ ሐረር ተወስዶ በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። አሥራ አራት ዓመት ያልሞላቸው ልጃቸው ደጃዝማች ተፈሪ እናታቸውን በወሊድ፣ አባታቸውንም በጉዞ ላይ በያዛቸው ሕመም ያጡ ሆኑ።

ከግንብ ወደ ጓንት

ራስ መኮንን ካለፉ በኋላ ባለው ምዕተ ዓመት የብክለት መከላከል ትምህርት ሦስት ዋና ዋና ለውጦችን አድርጓል። የመጀመሪያው ጓንት ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወጥቶ በአልጋ አጠገብ በሚደረግ እንክብካቤ ሁሉ መዋሉ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኤች አይ ቪ ከታወቀ በኋላ የመጣ ሲሆን፣ የማንኛውም ሕመምተኛ ደምና የሰውነት ፈሳሽ በሽታ ሊያስተላልፍ እንደሚችል ተቆጥሮ ለሁሉም እኩል ጥንቃቄ እንዲደረግ ያዝዛል። ሦስተኛው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ የተጠናከረው የእጅ ንጽሕና አምስት ጊዜያት ነው። እነዚህም በሽተኛውን ከመንካት በፊት፣ ንጹሕ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ ከሰውነት ፈሳሽ ንክኪ በኋላ፣ በሽተኛውን ከነኩ በኋላና በአካባቢው ያሉ ዕቃዎችን ከነኩ በኋላ ናቸው። በኢትዮጵያም ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ለጤና ተቋማት የኢንፌክሽን መከላከያ መመሪያ አውጥቷል።

ሁለተኛው ለውጥ ከሐረር ታሪክ ጋር ሲነጻጸር ልዩ ትርጉም አለው። የበር ሥርዓት ሰውን ይለያል፤ ይህ በሽተኛ ነው፣ ያ ጤነኛ ነው ብሎ ይወስናል፤ ከዚያም አንዱን አስገብቶ ሌላውን ያስቀራል። መደበኛው ጥንቃቄ ግን የሚለየው ድርጊትን ነው። ደም፣ ቁስልና ፈሳሽ የሚነካ ሥራ ከሆነ ጓንት ይለበሳል፤ ሕመምተኛው ማንም ይሁን ማን። ሰላምታ ለመስጠት፣ ትከሻ ለመደገፍ ወይም የደም ግፊት ለመለካት በጤናማ ቆዳ ላይ የሚያርፍ እጅ ጓንት አያስፈልገውም፤ መታጠብ ይበቃዋል። ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ጓንቱ ራሱ ትንሽ የጀጎል ግንብ ይሆናል፤ አንዱን ሕመምተኛ በባዶ እጅ፣ ሌላውን በጓንት የሚነካ አስታማሚ ሳይናገር ፍርድ ይሰጣልና።

በሌላ በኩል ጓንት የሐሰት መተማመንም ሊያሳድር ይችላል። በአንድ ጓንት ከአልጋ አልጋ የሚዞር ሠራተኛ ራሱን ጠብቆ ሕሙማኑን ያበክላል፤ ዜመልቫይስ በቪየና ያየውን እጅ በጎማ ሸፍኖ ይደግመዋል። ጓንት ለዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፤ ሲወልቅም እጅን ሊያቆሽሽ ይችላል። ስለዚህ ከመልበስ በፊትና ከማውለቅ በኋላ እጅ መታጠብ አለበት፤ ለአንድ ሕመምተኛ የተለበሰ ጓንትም ለሌላው አይውልም። በአንድ ሕመምተኛ ላይ ከቆሸሸ ስፍራ ወደ ንጹሕ ስፍራ ሲታለፍ እንኳ መቀየር ይገባዋል። ይህን ሁሉ ለመፈጸም ግን የራስ መኮንን ሐኪም ቤት የገጠመው ጥያቄ ዛሬም መልስ ይፈልጋል፤ ውኃው በየዕለቱ አለ ወይ?

ማጠቃለያ

ራስ መኮንን ሐኪም አልነበሩም፤ ስለ ተህዋሲያን የጻፉትም ነገር የለም። ድርሻቸው የአስተዳዳሪ ድርሻ ነው። ሐኪም አስመጥተው ደመወዝና ቤት ሰጡ፤ ከእምነታቸው ውጭ የሆኑ ካህናት በሥጋ ደዌ የተያዙትን በግዛታቸው እንዲያስጠልሉ ፈቀዱ፤ ልጃቸውን ለሐኪም ተማሪነት ሰጥተው ለሙያው ክብር አሳዩ። በእነዚህ ውሳኔዎች ምክንያት በሐረር የበሽተኛ ስፍራ ከበር ውጭ ብቻ መሆኑ ቀርቶ አልጋም ሆነ።

የሕክምና ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በግኝቶች ቅደም ተከተል ነው። የሐረር ምሳሌ የሚያሳየው ግን ግኝት ብቻውን ሕመምተኛ ዘንድ እንደማይደርስ ነው። ክሎሪኑ፣ ካርቦሊኩና ጓንቱ የወይዘሮ የሺእመቤት ሞት ከመድረሱ በፊት ሁሉም ታውቀው ነበር፤ በመካከል የጠፋው የሚያደርሳቸው ተቋም ነው። ራስ መኮንን የጀመሩት ይህንኑ ማቆም ነበር። በዛሬዋ ሐረር በሸዋ በር ገበያ በኩል ለሕክምና የሚያልፉ ሕሙማንና አስታማሚዎች የዚያ ጅምር ወራሾች ናቸው። በሩ ከጥንት ጀምሮ የሚገባውን ሲለይ ኖሯል፤ የሐኪም ቤቱ ሥራ ግን ማንንም ሳይለይ በታጠበ እጅ መቀበል ነው።